ለወይዘሮ የሰጠሁት ዳቦ

ለእታለሜ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና ያግኝሽ። ቀኝ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋውን ማለቴ ነው። ዓይንሽስ? ባለቤትሽስ፣ ያ ሳይናገር ውሎ ሳይናገር የሚያድረው ሰውዬ፣ ደህና ነው ወይ? «ደህና» ብሎ ከመለሰልሽ ለእኔ ሲል ረጅም ንግግር አድርጓልና አመስግኚልኝ። እኔ አንድ ጥርስ ከመጉደሉ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። ጥርሱም የኋላ ስለሆነ መልኬን አልነካውም።

አሁን ጽሑፉን ቀረብ አድርገሽ እዪው። የማን እጅ ይመስልሻል? እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ የልብስ ሰፊው አይደለም። የእሱ ጽሑፍ እንደ ስፌቱ ተያይዞ የሚሄድ ነው። ይህኛው አንዱ ፊደል ቆሞ፣ አንዱ ተቀምጦ፣ ሌላው ከመስመሩ ሊያመልጥ ሲል በእግሩ የተያዘ ነው። የእኔ ነው፣ እታለም። የወንድምሽ የገዛ እጁ ነው።

ስምንት ወር የማታ ትምህርት ተምሬ ከሠላሳ ሁለት ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጡት አንዲት አሮጊት ናቸው። እኔ እንደምጠረጥረው ግን ሴትዮዋ ድሮም ማንበብ ይችሉ ነበር፤ ብቻቸውን ማምሸቱ ሰልችቷቸው ነው የመጡት። እሳቸውን ካወጣን አንደኛው እኔ ነኝ። አስተማሪያችን «እርስዎ ፊደል አይጽፉም፣ ፊደል ያዛሉ» ብለውኛል። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልጠየቅኋቸውም፤ እንደ ሙገሳ ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች ሁሉ ቃል በቃል እንዳታምኚያቸው። እኔ «ደህና ነኝ በላት፣ የላከችው ብርድ ልብስ ደርሶኛል በላት» እለዋለሁ፤ ልብስ ሰፊው ሱሪያቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች ፊት ተቀምጦ «ናፍቆትሽ አንጀቴን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል» ብሎ ይጽፍልሻል። አንድ ጊዜ ወረቀቱ በእንባዬ መራሱን ጽፎልሽ አልነበር? እርጥበቱ እውነት ነው። ከካውያው በፊት ልብስ ላይ የሚረጨው ውሃ ነው። የአንቺን መልስም ሲያነብልኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። ስለ ጉልበትሽ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ቁልፍ ልታስተክል የመጣች አንዲት ሴት፣ አንቺን አይታሽ ሳታውቅ፣ በሞቀ ውሃ እንድትነክሪው መክራለች።

እንዲህ ባለ ቤት ሰው ልቡን ይናገራል? እኔ ደግሞ ለአንቺ ብቻ የሚነገር ነገር ነበረኝ። ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው ብልሽ ይሻል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። የቆጠርኩት ሥራ ላይ እድገት ፈልጌ ነው። ነገሩ የመጣው ከቆጠርኩ በኋላ ነው። በዚህ ወር በእኔ ጥፋት ነፍስ ልትጠፋ ነበር፣ እታለም። ትንሽ ነፍስ ናት። መዳፌ ላይ ተቀምጣ ቦታ ይተርፋታል። ቢሆንም ነፍስ ናት። ሥራዬንም ይዛብኝ ልትሄድ ነበር። አትደንግጪ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በልብስ ሰፊው ቋንቋ «በታላቅ የምርምር ተቋም የታመነ ኃላፊ» ነኝ። በእኔ ቋንቋ የአይጥ ቤት ጠባቂ ነኝ። ክፍሉ ረጅምና ነጭ ነው። ግራና ቀኝ መደርደሪያ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የጫማ ካርቶን የሚያክሉ የላስቲክ ሳጥኖች፣ ከላያቸው የሽቦ ክዳን። መብራቱ በሰዓቱ ራሱ ይበራል፣ በሰዓቱ ራሱ ይጠፋል። ስትገቢ ጫማሽ ላይ ሰማያዊ ከረጢት ታጠልቂያለሽ፤ አይጦቹ ከእኛ በሽታ እንዳይዛቸው ነው። እኛ ከእነሱ ቢይዘን ማን ግድ እንዳለው አላውቅም።

አለቃዬ ዶክተሯ ናት። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፣ እሷም ጋሼ ትለኛለች። ለአንቺ ስጽፍ ግን «አለችኝ» እላለሁ፤ አትሰማኝም። አጭር ሴት ናት፤ ስትራመድ ግን ኮሪደሩ ይጠብባል። የምታጠናው ረሃብን ነው። ሰው ለምን ይርበዋል፣ ለምን ይጠግባል፣ አንዱ ለምን ይወፍራል፣ ሌላው ለምን እንደኔ የልብስ ማንጠልጠያ ይመስላል።

በተቀጠርኩ ሰሞን «ይህም ጥናት ያስፈልገዋል እንዴ? የበላ ይወፍራል፣ ያልበላ ይከሳል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ እርስዎ በቀን ስንት ዳቦ ይበላሉ?» አለችኝ።

«አራት። ከተገኘ አምስት።»

«ታዲያ የት አለ?»

ሆዴን ዳበስኩት። የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥናቱ እንደሚያስፈልግ አምኛለሁ።

እሷ ያስረዳችኝን በእኔ አፍ ላስረዳሽ። እንዲያውም እኔ እሻላለሁ፤ እሷ ያለ ሰሌዳ አይሆንላትም። ስብ ቆዳ ሥር የተጋደመ ቦዘኔ አይደለም፤ ይሠራል። በደም በኩል ወደ አንጎል መልእክተኛ ይልካል፤ መልእክተኛው «ስንቅ አለን፣ ይበቃል» ይላል። ሆርሞን ይባላል። ሌላ ደግሞ ከጨጓራ የሚነሳ አለ፤ የእሱ ሥራ «ራበኝ» እያለ መጮህ ነው። እኔ ቤት ደመወዙን በትክክል የሚያገኘው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። አንዳንድ አይጦች ታዲያ የመጀመሪያው መልእክተኛ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ሆዳቸው ሞልቶ ጎናቸው አብጦ፣ አንጎላቸው ግን ወሬው ስላልደረሰው «አለቅን፣ ብሉ» ይላቸዋል። ሰውነታቸውም ያገኘውን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ነገ የሚመጣ አይመስለውምና። ይህ ጠባይ አይደለም፣ እታለም። ጥጋብም አይደለም። የወሬ መቋረጥ ነው።

ከክፍሉ አይጦች ስድስት ወፍራሞችና ስድስት ቀጭኖች ተመርጠው ጥንድ ጥንድ ተደረጉ። ቀጭኑ እንዳሻው ይበላል። ጠዋት የተረፈውን መዝኜ የበላውን አወጣለሁ፤ ያንኑ ያህል፣ ፍርፋሪ ሳይጨመር፣ ለወፍራሟ እሰጣለሁ። እኩል ማለት ነው። ጥያቄው እኩል በልተው እኩል ይሆናሉ ወይ ነው። የዶክተሯ የሦስት ዓመት ልፋት በዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል።

ድሮ እኔ መዝኜ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ የላቦራቶሪው ረዳት መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ረዳቱን ጓንቴ ነው የምለው። ጓንቱን ሻይ ሲጠጣም አያወልቀውም፤ ሚስቱ እጁን አይታው እንደማታውቅ ይወራል፤ ያወራሁትም እኔ ነኝ። የማታ ትምህርቱን ስጀምር ጓንቴ «በዚህ ዕድሜ ፊደል? ለመቃብርህ ጽሑፍ ነው?» ብሎኝ ነበር። መጻፍ ስችል ዶክተሯ መዝገቡን ከእሱ ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ። ጓንቴ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን «የመቃብሬን ትተን የአንተን እንጻፍልህ?» አልኩት፤ ሳይወድ ሳቀ።

እንግዲህ ወደ ነፍሲቱ ልምጣ። ቁጥሯ አሥራ አራት ነው። እኔ ወይዘሮ እላታለሁ። ከወፍራሞቹ ሁሉ ክብ እሷ ናት፤ ስትተኛ ራሷ የት እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዋን መፈለግ አለብሽ። ጥንዷ ሯጭ የምለው ቀጭን ነው፤ ምግቡን ግማሽ ትቶ መሽከርከሪያው ላይ ሲሮጥ የሚውል፣ የትም የማይደርስ። ወይዘሮ ድርሻዋን በሩብ ሰዓት ጨርሳ ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ትቆማለች። ሌሎቹ ይቧጥጣሉ፣ ሽቦ ይነክሳሉ። እሷ አትቧጥጥም። ዝም ብላ ታያለች።

ምሳዬን የምበላው ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ በሩ ሲከፈት የእሷ ሳጥን ፊት ለፊት ነው። አንድ ቀን ዳቦ ጎርሼ ቀና ስል እያየችኝ ነው። ጉርሻው አልወርድ አለኝ። ወንድምሽን ታውቂኛለሽ፤ በዕድሜዬ ሁሉ አልወርድ ያለኝ ጉርሻ የለም። ተነሳሁና የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል ቆርሼ በሽቦው አሾለክሁላት። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ቁጭ ብላ፣ እንደ ጨዋ ሰው በላች። ሌላ አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ግን አየችኝ። በማግስቱ ማግስትም። ሰባት ሳምንት እንዲሁ ሄደ።

አላወቅህም ነበር ወይ ትይኛለሽ። አውቃለሁ። ያን ሁሉ ያስረዳሁሽ ሰው ሳላውቅ ልሳሳት አልችልም። «አንዲት ጥፍር ምን ታደርጋለች?» እያልኩ ነው የሰጠኋት፤ በየቀኑ፣ እንደ አዲስ።

የማታው አስተማሪያችን በየቀኑ አምስት መስመር ስለ ውሏችን እንድንጽፍ አዘውን ነበር። እኔ የቤት ሥራ ሳልሠራ ሄጄ አላውቅም። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሚዛኑን አጸዳሁ። ለወይዘሮ ዳቦ ሰጠሁ። የአውራ ጣቴን ጥፍር ታክላለች። በላች። አየችኝ።» በማግስቱም እንደዚያው፤ አንዳንድ ቀን «ዛሬ ጥፍሬ ሙሉ፣ ትናንት ትንሽ ጎደል ያለ» እያልኩ፤ አምስት መስመር ሲሞላ ቀላል አይደለምና። አስተማሪዬ በቀይ እያረሙ ይመልሱልኛል። በሁለተኛው ሳምንት ከግርጌው «ጥሩ። ወይዘሮዋ ማን ናቸው?» ብለው ጻፉ። እኔ የማግስቱን ዳቦ ጻፍኩ። በአራተኛው «ዳቦ ብቻ አይበቃም፤ ሻይ ይጋብዟቸው» አሉ። በስድስተኛው «እስካሁን ማየት ብቻ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ይናገሩ» ብለው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

በሰባተኛው ሳምንት ዶክተሯ ክብደቱን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በመስመር ሳለችው። አምስቱ ወፍራሞች ከጥንዶቻቸው ይከብዳሉ፤ እንደጠበቀችው። ወይዘሮ ግን ከአምስቱም ተለይታ መስመሯ ብቻዋን ወደ ጣሪያ ወጥቷል። ዶክተሯ ሚዛኑን ቀየረች። ሌላ ሚዛን አስመጣች፣ እሱንም ቀየረች። ምግብ አቅራቢውን ስልክ ላይ እንዲህ ብላ ተቆጣችው፣ እንዲያ ብላ ተቆጣችው፤ ሰውየው እስኪምል ድረስ። እኔ አጠገቧ ቆሜ «አይ ዘመን፣ ነጋዴ እንደሆነ አይታመንም» እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ይህን ስጽፍልሽ ጆሮዬ ይሞቃል።

ጓንቴ ግን መልሱን በአንድ ቀን አገኘው። «አይጧ ሌባ ናት። ክዳኑን ቀና አድርጋ ከጎረቤት ትሰርቃለች። ቅርጿን አታዩም?» አለ። ከዚያ ከኪሱ የሻንጣ ቁልፍ የምታክል ጓጉንቸር አውጥቶ የወይዘሮን ክዳን ቆለፈው። መክፈቻውን ማን ይያዝ ተባለ። ዶክተሯ ሳታስብ «ጋሼ ይያዙት፣ ከእሳቸው የሚታመን የለም» አለች። መክፈቻውን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ጓጉንቸሩም አልረዳም። በሽቦው መሀል ዳቦ ለሚያሾልክ ሰው ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ወይዘሮ ተቆልፎባት ሳለም ጨመረች። ያኔ ዶክተሯ ደክሟት ቁጭ አለችና «አሥራ አራትን ከጥናቱ እናወጣታለን» አለች። ከጥናት ወጣች ማለት ጡረታ ወጣች ማለት እንዳይመስልሽ። ሐሙስ ጠዋት በመርፌ ትተኛለች፤ ከዚያ ሆዷ ተከፍቶ ከሌሎቹ በምን እንደምትለይ ይታያል። ጓንቴ መቀሱን እያጸዳ «ውስጧ ምን እንደተደበቀ ሐሙስ እናያለን» አለ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ወይዘሮ ሽቦዋን ይዛ ቆማለች፤ መክፈቻዋ በእኔ ኪስ ነው፤ ስሟ ሌባ ነው፤ ዳቦው በእኔ እጅ ነው። መቼም ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ የሚያስቅ ነገር አጣሁበት። እኔ የሚያስቅ ያጣሁበት ነገር ምን እንደሚያክል አንቺ ታውቂያለሽ።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተሯ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደጇ ላይ ቆምኩ። መክፈቻዋን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና «ሌባዋ አይጧ አይደለችም፤ እኔ ነኝ ያበላኋት። ሰባት ሳምንት ሙሉ» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ቀስ ብላ «ሁለት ሚዛን ቀይሬያለሁ» አለች። «ሰው አስምያለሁ።»

«አውቃለሁ፤ አጠገብዎ ነበርኩ» አልኩ።

«ነጋዴ አይታመንም ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

ጓንቴ ከኋላዬ መጥቶ ኖሮ «ይህማ ዛሬውኑ የሚያስባርር ነው» አለ። እሷ እጇን ብድግ አድርጋ ዝም አሰኘችውና «ስንት ሰጧት? መቼ መቼ? በግምት እንኳ ከነገሩኝ፤ ካልሆነ ሦስት ዓመቴ ውሃ በላው፤ ሌሎቹንም አብልተዋቸው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

ደብተሬ ትዝ አለኝ። ዕቃ ቤቴ ሮጬ አመጣሁላት። ቆማ ጀመረች፣ ከዚያ ተቀመጠች። እየገለጠች ሄደች፤ ቀን በቀን፣ ጥፍር በጥፍር፤ ከወይዘሮ በቀር የሌላ አይጥ ስም አንድም ቦታ የለም። ጥርሴን ለመነቀል የቀረሁባቸው ሁለት ቀኖች እንኳ «ዛሬ አልሰጠሁም፤ አዝናለሁ» ተብለው ተጽፈዋል። ሠላሳ ሦስት ቀን ሆነ። የአስተማሪዬ «ይናገሩ» ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቁን መያዝ አቅቷት ነው።

ከዚያ ያንኑ ዓይነት ዳቦ አስገዝታ አሥር ጊዜ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል እንድቆርስ አዘዘችኝ። ቆረስኩ። አንድ በአንድ መዘነቻቸው። ልዩነታቸው፣ እታለም፣ የሰሊጥ ፍሬ አያክልም። ጓንቴ በዚያ በተከበረ የመስታወት ጠብታ መለኪያው ከዚህ የባሰ ይሳሳታል። «እጅዎ ሚዛን ነው» አለችኝ፣ ተቆጥታ ሳለች። ሠላሳ ሦስቱ ቁራሽ ተሰልቶ ከክብደቷ ሲቀነስ ወይዘሮ አሁንም ከሯጭ ትከብዳለች፤ ልክ እንደ አምስቱ። የሦስት ዓመቱ ሥራ አልፈረሰም። ወይዘሮ ከውጤቱ አትቆጠርም፤ ለምን እንዳልተቆጠረች ግን በግልጽ ይጻፋል። «ስህተታችንን ከነጥፍሩ እናወጣዋለን» አለች። ስለዚህ ስሜ ባይወጣም አውራ ጣቴ በሳይንስ መጽሔት ላይ ልትወጣ ነው። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ሊናገር ይችላል።

የሐሙሱ መርፌ ቀረ። ወይዘሮ በሕይወት አለች። እኔ መዝገቡን ተቀምቼ ሦስት ወር ሳጥን እንዳጥብ ተፈርዶብኛል፤ ምግብ አቅራቢውንም በራሴ አፍ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሳጥን ማጠብ ጥበብ ነው፤ ሁሉም ሰው አይችለውም።

ሳጥን እያጠብኩ ዶክተሯ ስታልፍ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «በሰውም እንዲህ ይሆናል?» አልኩ። «እንደ ወይዘሮ ጨርሶ መልእክተኛ የሌለው ሰው በጣም ጥቂት ነው» አለችኝ። ልትሄድ ብላ ተመለሰችና «ሁለት ልጆች ግን እኩል በልተው እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ ጋሼ። ወፍራሟ ስትናገር የሚያምናት የለም እንጂ» አለችኝ። ውሃውን ሳልዘጋው ቆሜ ቀረሁ፤ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

መዝገቡን ከመውሰዷ በፊት አንድ ነገር እንድጽፍ አዝዛኝ ነበር። ስህተት የሚሰፈርበት ገጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። «እርስዎ ይሙሉት፤ እኔ አላውቀውም» አለችኝ። ከጠዋት ሻይ እስከ ምሳ እርሳሱን ይዤ ተቀመጥኩ። ከሠላሳ ሁለት ሁለተኛ የወጣ ሰው አንድ ቃል አቃተው። መጨረሻ ላይ «ስላየችኝ» ብዬ ሰጠኋት። አነበበችና «ይህ ምክንያት አይደለም፤ ግን ይቆይ» አለች።

ምክንያቱ ያንቺ ነው፣ ለዚያ ነው እዚያ ያልጻፍኩት።

አንቺ አሥራ ሁለት ዓመትሽ፣ እኔ ዘጠኝ። እማዬ ሁለት እኩል ሳህን ታቀርብልን ነበር። የእኔ የት እንደሚገባ አይታወቅም፣ የአንቺ ጉንጭሽ ላይ ይታያል። ሳህንሽን አሳነሰችው። «እኩል ነው የበላሁት» ስትያት የሳቅነው እኔና የመጣ እንግዳ ሁሉ ነን። ጎተራ የሚለውን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ሰው ከሳቀልኝ ሌላ አልፈልግም ነበር፤ እስካሁንም ይኸው ነኝ። ስሙ እስከ ትምህርት ቤት ተከትሎሽ ሄደ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተውሽው፤ ስሙ ግን አልተወሽም።

ከዚያ ማሩ መጉደል ጀመረ። ዕቃ ቤት ያለው ማሰሮ ማለቴ ነው። እማዬ በከሰል ምልክት አደረገችበት፤ ምልክቱ ከማሩ ጋር አብሮ ዝቅ ይል ጀመር። «ይህችን ብልጠት ለትምህርቷ አድርጋው ቢሆን» አለች። ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በሩ ተቆለፈ፣ መክፈቻው እማዬ ወገብ ላይ ዋለ፣ በሩ ላይ ዘበኛ ተብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ታማኙ። ማሩ ግን ጎደለ። «በምስማር ትከፍተዋለች» ተባለ። ከዚያ በኋላ ሳህንሽን ይዘሽ ከጓሮ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ብቻሽን እንድትበዪ ተደረገ። ክረምቱ እስኪወጣ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ለተቀመጠ ሰው የዕቃ ቤቱ ጀርባ ይታያል። አንድ ቀን ሳህንሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ቀና አልሽና አየሽ። አልጮህሽም። አልተናገርሽም። ለማንም፣ እስከ ዛሬ።

አምና እማዬን ቀብረን ስንመለስ ለሰው ሁሉ ሳህን ስታድዪ ዋልሽ። ሰዉ ሲወጣ ማጠቢያው ጋ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ፣ ቆመሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስትጎርሺ አየሁሽ። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሥራ ቦታ የምይዘው ሜትር ኪሴ ውስጥ ነበር። የዕቃ ቤቱን የኋላ መስኮት ለካሁት። ስፋቱ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ እታለም። ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ እጄ አይሳሳትም። የአሥራ ሁለት ዓመቷ አንቺ በእሱ እንዴት እንደምታልፍ አሰላሁት፤ አልወጣልኝም። በዚያ ቤት ከነበርነው ሦስት ሰዎች በእሱ የሚያልፈውን ማስላት ግን ሂሳብም አይፈልግም። እማዬ ዓይኗ ሳይከደን ሜትር ይዤ ብመጣ ኖሮ።

አስተማሪዬ ይናገሩ ብለው ሁለት ጊዜ አሰምረውብኝ ነበር። መናገሩን አልቻልኩበትም፤ መጻፍ ተማርኩ እንጂ።

መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምም። ከጻፍሽልኝ ራሴ አነበዋለሁ፤ በሬን ዘግቼ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ እሱንም ችዬዋለሁ። ጉልበትሽ ከፈቀደልሽና ከመጣሽ ደግሞ ቤቴ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለኝ። ማንም ወደ ግድግዳ የሚዞርበት ቦታ የለም፤ ክፍሉ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ አንቺ እስክትጠግቢ ትበያለሽ፣ እኔም ያው እንደ ልማዴ፤ ማንም ሳህን አይመዝንም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ዓይንሽን ያብራልሽ። በልተሽ የምትረኪበት፣ ተኝተሽ የምታርፊበት፣ ሰው በለጠፈብሽ ስም ሳይሆን የወለዱሽ ባወጡልሽ ስም የምትጠሪበት ዘመን ይስጥሽ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፣ ይህን ግን አታስነብቢው፤ ዝምተኛ ሰው ሲስቅ አያቆምም።

ትከሻ ጠባቡ ወንድምሽ